ሰባት ሲቀነስ

የስፌት ቤቱ ሜትር ከሰባት ይጀምር ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ካውያ ሥር ተረስቶ ጫፉ ቀለጠና ከዜሮ እስከ ሰባት ያለው አብሮ ሄደ። ሌላ ቤት ቢሆን ሜትሩ ይጣል ነበር። እዚህ ግን ሜትሩ ቀረ፣ ዜሮ ተረሳ። ለካ፣ አንብብ፣ ሰባት ቀንስ፤ በቃ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚማረው ክር መሰካት ሳይሆን መቀነስ ነበር።

መቀነሱ ከሁሉም በላይ የተዋሃዳቸው ቆራጩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲቆርጡ ሠላሳ ዓመት ቀንሰዋል። ሰፊዎቹ «ጋሼ ሲቀነስ» ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ስድሳ አንድ ይላሉ፤ ሰባቱ ተቀንሶ ነው ሳይቀነስ ብሎ ለመጠየቅ የደፈረ ግን የለም።

ወገብ ብቻ በዚህ ሜትር አይለካም። «ወገብ ይዋሻል» ይላሉ ጋሼ፤ ሆዱን ሳይስብ የቆመላቸው ደንበኛ የለም። ስለዚህ ወገብ የሚለካው ቋጠሮ ቋጠሮ ባለው ሲባጎ ነው፤ ደንበኛውን ስለ አማቱ ይጠይቁትና ተናዶ ሲተነፍስ ሲባጎውን ጠበቅ ያደርጉታል።

እንግዲህ የሃያ ስድስት ዓመቷ ልጅ እንድትመራው የተሰጣት ቤት ይህ ነው።

የቤቱ ባለቤት አክስቷ ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝም ሲል ወንበራቸውን ለማን እንደሚለቁ ማሰብ ጀመሩ። ያሰቧቸው ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ይህች የወንድማቸው ልጅ፣ ሌላው የሴት ልጃቸው ባል። አማቻቸው መርፌ ይዞ አያውቅም፤ ቦርሳ ግን ይይዛል። ሰው ሲገባ ቦርሳውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ሥራ የተጀመረ ይመስላል። ልጅቱ ደግሞ ስድስት ዓመት መኪና ላይ ተቀምጣ ሰፍታለች፤ ችግሯ ያዘዟትን ሰፍታ ስትጨርስ ያላዘዟትንም መጨመሯ ነው። አንዴ ለአንድ ዳኛ ኮቱ ውስጥ አምስተኛ ኪስ ሠርታለት፣ ዳኛው ኪሱን ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አመስግኖ ደውሏል።

አክስቷ ወንበሩን ለሙከራ የሰጧት የማርሽ ባንዱ ሥራ በመጣ ሳምንት ነው። የእሳት አደጋ ተከላካዮች የማርሽ ባንድ አርባ ሁለት ሰው አለው። የሚመሩት ሻምበል ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ለሰልፉ ቀን አርባ ሁለት ሰማያዊ ሱሪ ሲያስፈልጋቸው ሃያ አንዱን፣ የጡሩምባ ነፊዎቹን፣ ለዚህ ቤት ሰጡ፤ ሃያ አንዱን፣ የከበሮና የክላርኔቱን፣ ለማዶ። «አሳምሮ የሰፋ ከሰልፉ በኋላ አርባ ሁለቱንም ለዘለቄታው ይወስዳል» አሉ።

ማዶ ማለት ከመንገዱ ወዲያ ያለው ስፌት ቤት ነው። ስም ነበረው፤ እዚህ ቤት ግን ከተጠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ባለቤቱና አክስቷ ድሮ ባንድ ጣሪያ ሥር ይሠሩ ነበር። የተጣሉት በመቀስ ነው የሚሉ አሉ፣ በሙሽራ ሱፍ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱን ብትጠይቃቸው አንደኛው «እሷ ታውቃለች»፣ ሌላኛዋ «እሱ ያውቃል» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሰውየው «ማዶ» ነው። ማዶ አዲስ መብራት ሰቀለ፣ ማዶ አሳለ፣ ማዶ ዛሬ አረፈደ። አንቱታውም ከመንገዱ መሀል አያልፍም፤ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው የቤቱ ትንሹ ሰፊ ሳይቀር «አንተ» ይለዋል፣ በሌለበት።

«አርባ ሁለቱን ካመጣሽ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሏት አክስቷ። «ካላመጣሽ ለአማቼ ነው፤ አንቺም ወደ መኪናሽ። ተግባባን?»

«ተግባባን።»

«ማዶ ሲስቅብኝ ማየት አልፈልግም።»

ልጅቱ አለቃ በሆነች በማግስቱ የመጀመሪያውን የማሻሻያ እርምጃ ወሰደች፦ አዲስ ሜትር ገዛች። ዜሮ ያለው። ሰፊዎቹ ተሰብስበው ዜሮውን እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን አዩት። «አለቂት» አላት አንዱ፤ ይህ ስም ያኔ ነው የወጣላት፤ «ይሄኛው ሙሉ ነው እንዴ?» «ሙሉ ነው» አለች። ጋሼ ሲቀነስም ገልብጠው አይተው፣ አሽተው፣ «ጥሩ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሃያ አንዱን ጡሩምባ ነፊ ራሷ በአዲሱ ሜትር ለካች፣ ራሷ ደብተር ላይ ጻፈች፣ ደብተሩን ለጋሼ ሰጠች። ጋሼ ቆረጡ። ሰፊዎቹ ሰፉ። ሁሉም በሰዓቱ፣ ሁሉም በደስታ።

የተሰፋውን ለብሶ ለመሞከር መጀመሪያ የመጣው ትሮምቦን ነፊው ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪውን ለብሶ ወጣና ቆመ። ሁሉም ወደ ታች አየ። ካልሲው ከነቀዳዳው ይታያል።

«ከሰኞ ወዲህ አድገሃል?» አለው አንዱ ሰፊ።

«በአርባ አራት ዓመቴ?»

ሁለተኛው ገባ፤ ቁርጭምጭሚት። ሦስተኛው ገባ፤ ቁርጭምጭሚት። አለቂት ደብተሩን አንስታ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ይላል?»

«መቶ ሁለት።»

«ስንት ቆረጡት?»

«ዘጠና አምስት።»

«ለምን?»

«ሰባት ሲቀነስ ነዋ!» አሉ ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል በሚል ፊት። ከዚያ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። መቀሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ወይ ጉድ» አሉ፤ «እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

ጨርቁ በልክ ነው የተሰጠው፤ የተረፈው ለመሀረብ አይሆንም። የታችኛው እጥፋት ቢፈታ ሁለት ጣት አይሞላም። ሌላ ሰማያዊ ቢገዛ እንደዚያ ሰማያዊ አይሆንም፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰማያዊ የትም ገበያ የለም፣ ፈልጎ የሚገዛው ሰውም ስለሌለ።

አክስቷ ተጠርተው መጡ። አማቻቸውም አብሮ መጣ፤ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሥራ ተጀመረ።

«መፍትሔ አለው» አለ። «ለሻምበሉ እናመልክት። ማዶ በበሰበሰ ክር ነው የሰፋው፣ ከበሮ ሲመቱ ይተረተራል እንበል። እስኪጣራ ድረስ ጊዜ እናገኛለን።»

አክስቷ ሐሳቡን ለጥቂት ጊዜ አላመጡት። ፊታቸው ላይ እንደጣማቸው ያስታውቅ ነበር።

«የእሱ ሱሪ ሲተረተር የእኛ ይረዝማል?» አለች አለቂት።

«አይረዝምም» አለ አማቹ፤ «ግን እኩል እንሆናለን።»

እኩል መሆን በዚህ መንገድ እንደሚመጣ አስባው አታውቅም። ሃያ አንዱን ሱሪ በገመድ ላይ ሰቅላ ከፊታቸው ተቀመጠች። እኩለ ቀን ድረስ አየቻቸው። አጫጭር ናቸው። ከሰዓት በኋላም አየቻቸው። አሁንም አጫጭር ናቸው። ሰፊዎቹ በጣታቸው ግንባራቸውን እየነኩ ተጠቃቀሱ።

ከሱሪዎቹ ጀርባ፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ አንድ ጥቅል ወፍራም ቀይ ጨርቅ ነበር። ሲኒማ ቤት ለመጋረጃ አዝዞት፣ ሳይረከበው ተዘግቶ የቀረ። ብዙ ዓመት ያየችው ነው። ዛሬ ግን በሱሪዎቹ እግር መሀል ሾልኮ ታያት።

«አንደብቀውም» አለች።

«ምኑን?» አሉ ጋሼ፤ ከስህተቱ ወዲህ ከአጠገቧ አልራቁም።

«ማጠሩን። እንደምንም ብንደብቀው የተደበቀ ነገር ይመስላል። ቀይ እንቀጥልበት፤ ከታች፣ ዙሪያውን። የእሳት አደጋ ሰዎች አይደሉም? እሳቱ እግራቸው ሥር ይሁን።»

«ዐብደሻል» አሉ ጋሼ፤ ቀጥሎም ቀዩን ጨርቅ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጡ።

የመጀመሪያው ቅጥያ ተሸበሸበና የተኮሳተረ አሮጊት መሰለ። ሁለተኛው ተንቀረፈፈ። ጋሼ ጨርቁን በጣታቸው መሀል ሳብ፣ ለቀቅ አደረጉትና፣ «ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ ግትር ነው፤ በሰያፍ ቁረጪው፣ ይታዘዛል» አሉ። በሰያፍ ቆረጠችው። ሱሪው ላይ ጋደም አለና ተኛ። እንዲያውም ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ስፌቱን ወደ ውስጥ ገለበጠችው፤ ይህን ማንም አላዘዛትም።

የልምምዱ ቀን ሁለቱም ቤቶች በእሳት አደጋው ግቢ አጥር ሥር ቆሙ፤ እነዚህ በዚህ ጫፍ፣ ማዶ በዚያ ጫፍ። ባንዱ ሲገባ ማዶ የቀዩን ሱሪ አይቶ በሳቅ ጉልበቱን ያዘ። «ይሄ ምንድን ነው? ካልሲ ነው ወይስ መጋረጃ?» አለ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ።

መጋረጃ መሆኑን እንዴት ዐወቀ ብላ አለቂት ደነገጠች።

ሻምበሉ ሱሪውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «ምን ጨመራችሁበት?»

«ትንሽ ቀይ፣ ሻምበል።»

«ማን አዘዘ?»

«ማንም።»

ሻምበሉ በትራቸውን አነሱ። ባንዱ መራመድ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሃያ አንድ ጥንድ ቀይ ከመሬት ይነሳል፣ መሬት ይወርዳል፤ ዐይን ሌላ ነገር ማየት አቃተው። ከኋላ ረድፍ ግን አንድ ጥንድ ቀይ ሌሎቹ ሲነሱ ይወርዳል፣ ሲወርዱ ይነሳል። ሻምበሉ በትራቸውን አወረዱ። ሙዚቃው ተንጠባጥቦ ቆመ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ ሻምበሉ በለሆሳስ፤ «አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው እርምጃ እንደሚያበላሽ ጆሮዬ ይነግረኛል፤ ማን እንደሆነ ግን እግዜር ነው የሚያውቀው እል ነበር።» ከዚያ ወደ ቱባ ነፊው ሄዱ። «አንተ ነህ?»

«ሻምበል፣ ቱባው ከባድ ነው» አለ ቱባ ነፊው። «እኔ የምሄደው እሱ እንደሚሄደው ነው።»

ትራምፔቶቹም ተመረመሩ፤ ሁለቱ በግራ መጀመር ሲገባቸው ሠርግ እንደሚገባ ሰው ባገኙት እግር ነበር የሚጀምሩት። ከበሮ መቺዎቹ፣ ሰማያዊ በሰማያዊ የሆኑት፣ በሆዳቸው እየሳቁ ቆመው ነበር።

«እናንተ ምን ያስቃችኋል?» አሉ ሻምበሉ። «ለሰልፉ እሑድ አርባ ሁለቱም ሱሪ ቀይ ይኑረው። ማዶ» ብለው ወደ አጥሩ ጫፍ ጮኹ፤ ይህ አጠራር ለካ ግቢውም ገብቷል፤ «ይችላሉ? ካልቻሉ ሁሉንም ለእነሱ እሰጣለሁ።»

«ይሄንን!» አለ ማዶ። ሳቁን ግን ከአጥሩ ሥር ትቶት ሄደ።

በማግስቱ ቱባ ነፊው ስፌት ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ተገኘ። «እኅቴ፣ የኔን ብቻ ቀዩን ጠቆር አድርጊልኝ፤ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ።» አለቂት አዘነችለት፤ ጋሼ ግን «እግርህን አስተካክል፣ ይጠቁራል» ብለው ሸኙት።

አክስቷ ከደስታ ብዛት ጉልበታቸውን ረስተው በእግራቸው መጡ። «ማዶ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ እንጂ ሰያፍ አያውቅም። ዱሮም ግትር ነው። እስከ እሑድ አፍሽን ያዢ፤ አርባ ሁለቱ ይመጣል፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። አፍሽን ብቻ!»

ረቡዕ ከሻምበሉ መልእክት መጣ። ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ አዛዥ ዐርፈዋል፤ ቅዳሜ ባንዱ በሙሉ ይሸኛቸዋል፤ ቀብር ላይ ቀይ ነውር ነው። ቀዩ ለቅዳሜ ይነሳ፣ ለእሑድ ይመለስ፣ ከዚያም እንደ ሠርጉና እንደ ሐዘኑ ይውጣ ይግባ። ቀዩ ሲነሳ የሚታየውን ቁርጭምጭሚት ለጊዜው ጥቁር ካልሲ ይችለዋል።

የሚወልቅና የሚገባ ቅጥያ ማለት ቁልፍ ነው፤ ቁልፍ ማለት የቁልፍ ቀዳዳ ነው። የዚህ ቤት የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ወይ ቁልፉ አይገባም፣ ወይ ከገባ አይቀርም። አለቂት ለአንዱ ሱሪ ስድስት ሠራች፤ ሁለቱ ተቀደዱ፣ አራቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ሰፊዎቹ ለምሳ በወጡበት ሰዓት ነው ማዶ መንገዱን የተሻገረው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዟል። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አንድ እግሩን አስገብቶ ሌላውን ውጭ ተወው፣ ነገር ከመጣ ቶሎ ለመውጣት። እግሩን ያስገባ ሰው እንግዳ ነውና ከዚህ በኋላ «አሉ» እንበላቸው።

«አለች?» አሉ።

«አክስቴ? የሉም።»

ሌላውንም እግራቸውን አስገቡ። ጋዜጣውን ፈቱ፤ ሰማያዊ ሱሪ፣ ከታች የተሸበሸበ ቀይ። አሮጊቷ እዚያም ደርሳለች።

«ሦስት ጊዜ ተረተርኩት» አሉ። የሚለምኑ አይመስሉም፤ ክስ የሚያሰሙ ይመስላሉ። ከዚያ የእሷ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አዩና ሳያስቡት እጃቸውን ሰደዱ። ጫፉን ገለበጡት። በጥፍራቸው ስፌቱን ተከተሉ። «ይሄን ስፌት ወደ ውስጥ የገለበጥሽው ለምንድን ነው?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ የጠየቃት «ማዶስ?» ብቻ ነበር። ማዶ ምን አደረገ፣ ማዶ ጨረሰ፣ ማዶ ሳቀ። ስለ ስፌቱ የጠየቃት ሰው የለም። የመጀመሪያው ጠያቂ ራሱ ማዶ ሆነ።

ብትናገር ሃያ አንዱ ሱሪ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ከሱሪው ጋርም ወንበሩ። ይህን ልክ እንደ ሜትሩ ዜሮ አጥርታ ታውቀዋለች። አፏን ያዘች። ምናልባት አሥር ሰከንድ ያዘችው። ከዚያ ደከማት።

«ካልተገለበጠ ሲራመዱ ወደ ፊት ይጥላል» አለች። «በዚያ ላይ የእርስዎ ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። በሰያፍ ይቁረጡት። ኑ፣ ያዙልኝ እስቲ።»

ያዙ። ቆረጠች። ተኛ። ማዶ ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና፣ «የተረገመ» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ምስጋና መሆኑ ነው። ወዲያው ዐይናቸው የተቀደዱት የቁልፍ ቀዳዳዎች ላይ ወደቀ። ፊታቸው ተኮማተረ። «ይሄን ማነው የሠራው? ጥርሱ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ነውር ነው። መርፌ ስጪኝ።»

ዝቅተኛዋን በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ስድስቱን ቀዳዳ ሠሩ፤ አለቂት ቁልፎቹን አስገብታ ሱሪውን በራሷ እግር ላይ አድርጋ ተራመደችበት። «ጠበበ» አለች፤ «ጡሩምባ ነፊ ጎንበስ ብሎ ሲቆልፈው አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ይፍቱት። ደግሞም ቁልፉ ከውጭ ለምን ይታያል? ወደ ውስጥ እናዙረው፤ ለሐዘን ቀዩ ወደ ላይ ታጥፎ ይደበቅ፣ መውለቅም አይኖርበት።»

«ታጥፎ ይደበቅ» አሉ ማዶ። አሰቡበት። ከዚያ ክሩን በጥርሳቸው ይዘው መተርተር ጀመሩ።

አክስቷ የገቡት ይህን ጊዜ ነው። ከኋላቸው አማቹ፣ ከነቦርሳው። በአንድ እጃቸው የቤቱን የበር ቁልፍ ይዘዋል፤ አርባ ሁለቱ መምጣቱ አይቀርም ብለው ዛሬውኑ ሊሰጧት ነበር። መጀመሪያ ማዶን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሰያፍ አዩ። ሰዓሊ ቢኖር ፊታቸውን ለመሳል ሦስት ቀለም ይፈጅ ነበር።

«አሳየሽው?»

«አሳየኋቸው።»

«አርባ ሁለቱስ?»

«ሃያ አንድ እዚህ፣ ሃያ አንድ ማዶ።»

«እንግዲህ» አሉ አክስቷ ቁልፉን ከፍ አድርገው፤ አማቹ ቦርሳውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ፤ «እንግዲህ ይሄ ቁልፍ ዛሬ ባለቤቱን ያገኛል!»

«ወዲህ በይው» አሉ ማዶ ከመተርተሩ ቀና ሳይሉ፤ «አንድ ጎድሎኛል።»

ከመጋዘኑ በኩል ጋሼ ሲቀነስ ሲያስነጥሱ ተሰማ፤ ሳቅ ነበር። አክስቷ ግን አልሳቁም። ሌላ ነገር አይተዋል። የማዶን እጅ ነው የሚያዩት።

«አንተ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተረተርኩ።»

«ማን ተርትር አለህ?»

«እሷ ናታ። ጠቧል አለች።»

«ጠቧል ስላለችህ ተረተርክ?»

«ጠቦ ነበራ!»

አክስቷ ግድግዳውን ተደግፈው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ከዚህ ሰው ጋር ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጠበበ ሲባል «ሰውየው ይክሳ»፣ አጠረ ሲባል «ጎንበስ ይበል» ያለ ሰው ነው። አንዲት ቀዳዳ አስተርትረውት አያውቁም፤ ለነገሩ ጠባቸውም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። አሁን በርጩማ ላይ ተኮራምቶ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ስታዘው ይፈታል፣ ደግሞም ይመልሳል።

«በሉ እንሂድ» አለ አማቹ፤ «ቁልፉን ለእኔ...»

«አንተ ቁጭ በል» አሉት። ትንሽ አሰቡና፣ «ወይም ሂድ» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ፤ ጎረቤት እንዲሰማ ተደርጎ የሚወጣ ድምፅ ነው። «ማዶን ቀጠረችው! ሰማችሁ? ማዶ ለእኛ ነው የሚሠራው!»

«ማንም አልቀጠረኝም» አሉ ማዶ። «ላስተምራት ነው የመጣሁት።»

ሁለቱም በሚቀጥሉት ዓመታት ይህንኑ እየደጋገሙ ኖሩ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ደጅ፤ ያስተካከላቸው የለም። አለቂት ራሷ ልታስተካክላቸው አልሞከረችም፤ ጊዜም አልነበራትም።

አክስቷ ቁልፉን ዘረጉላት። «እንቺ። ወንበሩም ከነእግሩ።»

የአለቂት ሁለት እጅ በቀይ ጨርቅ ተይዟል፤ አፏም ስፒል ይዟል። በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተች።

«እዚያ ያድርጉልኝ፣ አክስቴ» አለች በጥርሷ መሀል። ወዲያው ወደ በርጩማው፣ ወደ ማዶ ዞረች። «ጋሼ፣ አሁን የግራውን እግር።»